የተመን ሉህ በሒሳብ አያያዝ ትምህርት

የተመን ሉህ (ስፕሬድሺት) ቁጥርና ጽሑፍ በረድፍና በዓምድ የሚመዘገብበት፣ በቀመርም የሚሰላበት የኮምፒውተር ሶፍትዌር ነው። ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበት ሳጥን ሴል ይባላል። በአካውንቲንግ ትምህርት ውስጥ ሌጀር፣ ትራያል ባላንስ፣ የእርጅና ቅናሽና የደመወዝ መክፈያ (ፔይሮል) ለመሥራት ያገለግላል። በሰፊው የታወቀው ማይክሮሶፍት ኤክሴል ሲሆን ሊብሬኦፊስ ካልክ በነጻ ይገኛል።

ታሪክ

ለግል ኮምፒውተር የተሠራው የመጀመሪያው የተመን ሉህ ቪዚካልክ ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ሠርተውት በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። ብሪክሊን ሐሳቡን ያገኘው በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሲማር ነበር፤ በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ከታረመ ሌሎቹም በእጅ እንደገና መሰላት ነበረባቸው። ኤክሴል በ1985 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ ወጣ።

የደመወዝ ስሌት ምሳሌ

በድሬ ዳዋ ከተማ ታይዋን በሚባለው ገበያ አንድ ሱቅ ለሠራተኛው በወር 9,000 ብር ይከፍላል እንበል። በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከ7,000 ብር በላይ እስከ 10,000 ብር ያለ ደመወዝ በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ብር ይቀነስለታል። ስለዚህ ግብሩ 1,400 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር ስለሆነ የተጣራ ደመወዙ 6,970 ብር ይሆናል።

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 979/2008 የዚሁ ደመወዝ ግብር 1,745 ብር ነበር። ምጣኔው በየቀመሩ ውስጥ ከተጻፈ ሕጉ ሲለወጥ ሁሉም ቀመር መታረም አለበት፤ አንዱ ቢዘነጋ ከሠራተኛው 345 ብር ያላግባብ ይቆረጣል፣ ሉሁም ስህተቱን አያመለክትም። ምጣኔዎቹ በአንድ ሠንጠረዥ ተቀምጠው ቀመሮቹ ከዚያ እንዲያነቡ ከተደረገ ግን የሚታረመው ሠንጠረዡ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

* የሱቅ ኪራይ በስህተት በደመወዝ ሒሳብ ቢመዘገብም ዴቢትና ክሬዲት እኩል ይወጣሉ። ይህን ስህተት የሚያገኘው የሒሳብ አያያዝ ደንብን የሚያውቅ ሰው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።
* ኤክሴል ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ለማለት 5/13/2017 ተብሎ ቢጻፍ፣ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ሜይ 13 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ የእርጅና ቅናሽ ወይም ወለድ በቀን ሲሰላ ቀኑ አስቀድሞ መቀየር አለበት።