ከተከታይ ቁጥር በፊት፦ የሶሻል ሚዲያ ሥራ ፕሮፖዛል በሞያሌ

የሌላ ድርጅት ፔጅ የሚይዝ ባለሙያ ለደንበኛው የሚያቀርበው ፕሮፖዛል ከሁለት ሦስት ገጽ አይበልጥም። ፌስቡኩን፣ ቴሌግራሙንና ቲክቶኩን ማን እንደሚይዝ፣ በወር ስንት ፖስት እንደሚወጣ፣ ፎቶና ቪዲዮውን ማን እንደሚያነሳ፣ በኢንቦክስ ለሚመጣ ጥያቄ ማን እንደሚመልስና ዋጋውን ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ ግን ከፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው «በሦስት ወር ይህን ያህል ሺህ ተከታይ» የሚል ተስፋ ነው። ፕሮፖዛሉን የሚያደክመው ይኸው መስመር ይመስለኛል፤ ሠሪው በእጁ ያልሆነውን ነገር ቃል የገባበት ነውና። ፖስቱ ለማን እንደሚታይ የሚወስነው የመድረኩ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ነው። ተከታይ በገንዘብም ይገዛል፤ የተገዛ ተከታይ ግን ሞያሌ መጥቶ የሆቴል አልጋ አይዝም። ባለሙያው መጻፍ ያለበት በእጁ ያለውን ሥራና የዚያን ሥራ ወሰን ነው።

ለዚህ ከሞያሌ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ከተማ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ናት፤ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል አስተዳደሮች ጎን ለጎን ይገኙባታል። የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ሥራ ሲጀምር የተላላፊው ጉዳይ በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ታስቦ ነበር፤ የቋንቋው ጉዳይ ግን በአንድ ቦታ አያልቅም። የአንድ ሆቴል እንግዶችን እንይ፦ ከመሀል አገር የመጣው ሹፌር አማርኛ ያነባል፣ የከብት ነጋዴው አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ሌላው ሶማሊኛ፣ ከኬንያዋ ማርሳቢት የመጣው ስዋሂሊ ወይም እንግሊዝኛ። «በወር 12 ፖስት» ብሎ ቋንቋውን ያልጠቀሰ ባለሙያ ደንበኛው በሦስት ቋንቋ ቢጠይቀው 36 ጽሑፍ በ12 ዋጋ ሊሠራ ነው። «ስልኩ ይተረጉመዋል» የሚል አይጠፋም። የአልጋ ዋጋ ይተረጉም ይሆናል። የአንድ ሰፈር ስም በየትኛው አጠራር እንደሚጻፍ ግን ሁለት አስተዳደር ባለባት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በየቋንቋው ፖስቱን ከመውጣቱ በፊት አንብቦ «ይውጣ» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ በፕሮፖዛሉ ላይ ይስፈር።

ዋጋውም የራሱ ወሰን ይፈልጋል። የባለሙያው የድካም ዋጋ በብር ነው፤ ለቡስት፣ ማለትም ፖስቱን በክፍያ ለብዙ ሰው ለማሳየት፣ የሚከፈለው ግን መጨረሻው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ሁለቱን ሂሳብ ደምሮ አንድ የወር ዋጋ የጻፈ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይከፍላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1690 የጊዜ ገደብ ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ገደቡ እስኪያልፍ በቃሉ እንደሚታሰር ይደነግጋል፤ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል» የምትለው መስመር እንግዲህ ጌጥ አይደለችም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ታግደው እንደነበርም አይረሳ። እንዲህ ያለ ነገር ቢደገም ክፍያው ይቆማል ወይስ ሥራው ወደ አጭር መልእክትና ወደ ታተመ ማስታወቂያ ይዞራል? ይህን አስቀድሞ የመለሰ ፕሮፖዛል ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ማስፈርን በተመለከተ ጠንካራው ተቃውሞ ከራሱ ከገበያው ይመጣል፦ በቆላ ከተሞች ከብትና ግመል የሚሸጠው በቃልና በደላላ ነው፣ ወረቀት ማብዛት አለመተማመን ነው ይባላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ በቁጥር 1719 ልዩ ፎርም እስካልታዘዘ ድረስ የቃል ስምምነትን ስለሚቀበል ክርክሩ መሠረት አለው። ልዩነቱ ግን ከብቱ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ርክክቡ በዕለቱ ያልቃል። የፔጅ ሥራ በየቀኑ የሚቀጥልና ግማሹ ከዓይን የተሰወረ ነው፤ ከአራት ወር በኋላ «ቪዲዮም ነበረበት» «አልነበረበትም» ቢባል የሚመሰክር ደላላ የለም። ሌላው ስጋት፣ ዕቅዱን ዘርዝረው ቢሰጡት ደንበኛው ይዞት በርካሽ ለሚሠራ ይሰጠዋል የሚለው፣ እውነት አለው። መፍትሔው የፔጁን የዛሬ ጉድለት በዝርዝር ማሳየት፣ የየዕለቱን የፖስት መርሐ ግብር ግን ከውል በኋላ ማስረከብ ነው።

ከሁሉ የምጠነቀቅለት የመለያያው አንቀጽ ነው። በፌስቡክ ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚን ሌላውን ማስወጣት ይችላል፤ የቴሌግራም ቻናልን ባለቤትነት ማዛወር የሚችለው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ ነው፣ ለዚያውም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍቶ። ስለዚህ ቻናሉ ከመጀመሪያው ቀን በሆቴሉ ባለቤት ስልክ ይከፈት፣ ባለሙያው በአድሚንነት ይግባ፣ ሥራው ሲያበቃ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚወጣና የተነሱት ፎቶዎች የማን እንደሚሆኑ ከዋጋው በፊት ይጻፍ።