ከአበባው በፊት ድንጋዩ

ግቢ ማሳመር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የምንሄደው ወደ ችግኝ መሸጫ ነው። ጽጌረዳው ይገዛል፣ ሣሩ ይነጠፋል። ሰኔ ሲገባ ግን ከበሩ እስከ ሳሎን በጭቃ ይገባል፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የቤቱን መሠረት ይቦረቡራል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ውጭ የሚቀመጥበት አይገኝም። አበባው ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ መቅደም የነበረበት ሥራ ሳይሠራ መቅረቱ ነው። ንጣፍ፣ አሸንዳ፣ መደብ፣ አጥርና መብራት በደንብ ከተሠሩ ራሳቸው ጌጥ ናቸው።

ከመሬቱ እንጀምር። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ የንጣፍ የመጀመሪያ ሥራ ውሃን ከቤት ማራቅ ነው፤ በየ1 ሜትሩ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ቢሄድ ይበቃዋል። ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ መድፈን ዛሬ የተለመደ ቢሆንም አልደግፈውም። አሸዋ ላይ የተደረደረ ኮብልስቶን በመጋጠሚያው ውሃ ያሰርጋል፤ ቧንቧ ሲፈነዳም ተነቅሎ መልሶ ይደረደራል። ገንዘብ ካጠረ በጠጠር መሐል ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮችን በአንድ እርምጃ ርቀት መጣል ይቻላል። የጃፓን የሻይ ቤት ግቢዎች መተላለፊያ እንዲህ ነው፤ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን እያየ ቀስ ብሎ እንዲራመድ ያስገድዳል።

ተዳፋት ግቢ ያለው ሰው ደግሞ ትምህርቱ ከኮንሶ አለለት። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተደረደረ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ግን ያሳልፋል። በከተማ ግቢ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እንዲህ ያለ ካብ አፈር ከመያዙም በላይ መቀመጫ ይሆናል። ከላዩ ሰፊ ድንጋይ ከተደረገበት ቡና የሚጠጣበት መደብ ተገኘ ማለት ነው።

የውሃው ነገር ሰፊ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,200 ሊትር ይሆናል፤ ትንሽ ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል። ባርሴሎና የሚገኘው የአርክቴክቱ የጋውዲ ፓርክ ጉዌል በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ዙሪያው በሴራሚክ ስባሪ ባሸበረቀው አደባባይ ላይ የሚወርደው ዝናብ አደባባዩን በተሸከሙት ምሰሶዎች ውስጥ ወርዶ ከሥር ባለው ማጠራቀሚያ ይገባል። ጎብኚ የሚያየው ጌጡን ነው፤ የውሃው ሥራ በውስጡ አለ። የእኛም ሮቶ በቀርከሃ ቢከለል ግቢውን አያበላሽም፤ ቀርከሃው ግን አፈር ከነካ ቶሎ ስለሚበሰብስ ከሥሩ ድንጋይ ይግባለት።

በእናቴ ግቢ ከቧንቧው ሥር አሮጌ ወፍጮ ተቀምጧል። አያቴ በመጅ ስትፈጭበት የኖረች ስለሆነ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት ድንቢጦች ይታጠቡበታል፤ ዋኔዎች ከዳር ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ጃፓኖች እንግዳ ለሻይ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ እጁን የሚታጠብበት ዝቅ ያለ የድንጋይ ገንዳ አላቸው፤ የእናቴ ወፍጮ ከዚያ በምንም አያንስም። ውሃውን ግን በየሦስት ቀኑ መድፋት ግድ ነው፤ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ሳምንት ከምናምን ይበቃታል።

የሸክላ ዕቃም እንዲሁ ለግቢ ውሃ ያገለግላል። አዲስ ገንቦ እስከ አንገቱ ቢቀበርና ውሃ ቢሞላ፣ በግድግዳው እየሰረገ የዙሪያውን ተክል ሥር ያጠጣል። ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ የቻይና የእርሻ መጽሐፍ ይህን ዘዴ መዝግቦታል።

ስለ መብራት ብዙ የሚባል የለም፦ ዝቅ ይበል፣ ወደ መሬት ያብራ፣ ደረጃና መታጠፊያ ላይ ይሁን። የሶላር መብራት በክረምት ደመና በደንብ ስለማይሞላ ዋናውን በር ለእሱ ብቻ አትተዉ።

ግቢ ለማሠራት ያሰባችሁ፣ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አንድ ጊዜ ውጡ። ውሃው የሚሄድበትንና የሚተኛበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉ። ሠራተኛው ድንጋይ መደርደር ከዚያ ይጀምር።