ስለ ጕሮሮ ነቀርሳና በሮቦት ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና

ድምፅ ታላቅ ጸጋ መሆኑን የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ሕዝብ አጥብቆ ያውቃል። ቤተ ልሔም የድጓ፥ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የኖሩት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ደጋ ነው። ድምፅ ለመዘምሩ ማሕሌት መቆሚያው፥ ለባለ ጕዳዩ መሟገቻው፥ ለአባትና ለእናትም ልጅ መምከሪያቸው ነው። ስለዚህ ካንሰር ስለሚባለው ስለ ጕሮሮ ነቀርሳና ስለ አዲሱ ሕክምናው ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመግለጽ ወደድን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቈጣጠር ጽፈናል።

ይህ ደዌ ለታላቅም ለታናሽም አያዳላም። በ1887 የጀርመን አልጋ ወራሽ የነበሩት ፍሬድሪክ ድምፃቸው ሰለለ። ሐኪሞቻቸው ነቀርሳ ነው፥ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ ጊዜው አለፈ። በ1888 ዙፋን ሲወርሱ ለመተንፈሻ አንገታቸው ተበስቶ ስለ ነበረ ሐሳባቸውን የሚገልጹት በጽሕፈት ነበር፤ 99 ቀን ብቻ ነግሠውም ዐረፉ። ይህ የሆነው በእኛ አገር ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በነገሡበት ዘመን ነው።

ከዚያ በፊት በ1873 ቢልሮት የተባለው ሐኪም በቪየና ከተማ ማንቍርትን በሙሉ ቈርጦ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ማንቍርት ሲወጣ የተፈጥሮ ድምፅም አብሮ ይሄዳል። ነቀርሳው በቶንሲል ወይም በምላስ ሥር ሲሆን ደግሞ ቀዳጆቹ ወደ እርሱ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከንፈርንና መንጋጋን መሰንጠቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

አሁን ግን በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ዋይንስታይንና ኦማሊ የተባሉ ሐኪሞች ደክመው በአፍ በኩል በሮቦት መቅደድን አስገኙ። በ2009ም የአገሩ መንግሥት ፈቀደው። ሕመምተኛው በመድኃኒት ከተኛ በኋላ አፉ ተከፍቶ ይያዛል፤ ቀጫጭን የሮቦት ክንዶችና ምስልን የሚያጐላ ካሜራ ይገቡለታል። ሐኪሙ ጥቂት ርቆ ተቀምጦ በመመልከቻው እያየ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ክንዶቹ ይከተሉታል፤ የእጁንም መንቀጥቀጥ መኪናው ያስቀርለታል። ሮቦቱ በገዛ ራሱ አንዳች አይቈርጥም፤ ጥበቡ የሐኪሙ ነው። ፊት ስለማይሰነጠቅ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ቶሎ ይወጣል፤ መዋጥም ፈጥኖ ይመለስለታል።

ይሁን እንጂ የመኪናው ዋጋ ከአንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚረዳው ነቀርሳው ገና ትንሽ ሳለ ለመጣ ሰው ነው፤ ደዌው ከተስፋፋ ሮቦቱ ብቻውን አያድንም። ለጀማሪ ነቀርሳ በጨረር ማከምም መልካም ውጤት ይሰጣል።

እንግዲህ ከሮቦቱ የሚቀድመው በጊዜ መታየት ነው። ለዚህም የመጀመሪያው መሣሪያ ውድ አልነበረም። በ1854 ማኑኤል ጋርስያ የተባለ የዜማ መምህር የገዛ ማንቍርቱን በትንሽ መስተዋት አየ፤ ሐኪሞችም ጕሮሮን በመስተዋት መመርመርን ከዚያ ወዲህ አስፋፉት።

በቤታችሁ ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ የሰለለ፥ ሲውጥ የሚያመው፥ አንድ ጆሮውን ያለ ምክንያት የሚጠዘጥዘው፥ አንገቱ ላይ የማያም እብጠት የወጣበት ወይም ምራቁ ደም የቀላቀለ ሰው ቢኖር፥ ብርድ ነው ብላችሁ አታቈዩት። እንጥል ማስቈረጥም ደም ከማፍሰስና ቍስል ከማመርቀዝ በቀር ለዚህ ደዌ አይጠቅምም። ሰውየው በደብረ ታቦር ሆስፒታል ይታይ፤ ካስፈለገም ከዚያ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበርና፥ ከዚህ ደጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ተራ መጠበቅ ግድ ነበር። መንገዱ ረጅም ለሆነበት ሰው ማልዶ መነሣት እጅግ ይገባዋል።

መከላከያውም በእጃችን ነው። ትምባሆና ጠንካራ አረቂ ለዚህ ደዌ ዋና ምክንያቶች ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጕዳቱ ይበረታል። የማሕፀን በር ነቀርሳን የሚያመጣው ቫይረስም የቶንሲልንና የምላስ ሥርን ነቀርሳ ያመጣል። ከ2018 ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት በዚሁ ቫይረስ ላይ ስለ ሆነ፥ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከማስከተብ እንዳይቦዝኑ እናሳስባለን።

የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ሀብትም ሐኪምም አላጡም፤ ያጡት ጊዜን ነው። የቤት አባትና እመቤት ግን የሰለለ ድምፅ ሲሰሙ ሳይዘገዩ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቢያደርሱ፥ ይህን ጊዜ ሊሰጡት ይችላሉ።