ሳይለኩ መቀየር፦ በእጅ በተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ብልሽትን ስለማፈላለግ



ዛሬ የምናገረው በወርክሾፓችን በየዓመቱ ስለማየው አንድ ልማድ ነው። ተማሪ ቦርድ ይሠራል፤ ቦርዱ እንቢ ይለዋል፤ ተማሪውም ትራንዚስተሩን ነቅሎ ሌላ ይተካል። ያም ካልሆነ ሦስተኛ ይሞክራል። ዕቃው ጎንደር ፒያሳ ካልተገኘ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው መርካቶ ይላካል፤ ወይም ከሞተ ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ ይፈለጋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አድርጌአለሁና ፈራጅ ሆኜ አልቀርብም።

በፋብሪካ የተሠራ ቦርድ ሲበላሽ አስቀድሞ አካላቱን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ንድፉ ከዚህ ቀደም በትክክል ሠርቷልና። በእጅ የተሠራው ግን ይህ ምስክር የለውም። ፈሪክ ክሎራይድ በልቶ እንደ ፀጉር ያቀጠነው የመዳብ መስመር፣ ሳይቀልጥ የቀረ ሸካራ ብየዳ፣ ተገልብጦ የገባ ዳዮድ፣ ከዚህም አልፎ የንድፉ ስሌት ራሱ፣ ሁሉም እኩል ተጠርጣሪዎች ናቸው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከተከፈተባት ጊዜ ጀምሮ ባለሙያ ወደ ገጠር የምትልክ ከተማ ናት፤ ተማሪዎቼም በዚሁ መንፈስ ከደባርቅ በላይ ለሚገኝ አንድ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ ማስጠንቀቂያ ሠሩ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መቀመጥ አለበት። በብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀት እንደነካው ይናገራል እንጂ በረዶ እንደነካው አይናገርም፤ በሰሜን ደጋ ደግሞ ይህ ሁለተኛው ስጋት ቀላል አይደለም። ማስጠንቀቂያው ዝም ካለ ባለሙያዋ ሳታውቀው ኃይሉን ያጣ ክትባት ለሕፃን ልትሰጥ ትችላለች።

መሣሪያው ጎንደር ላይ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ጤና ኬላው ሲደርስ ግን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋ ጀመር። ተማሪዎቹ 7805 የተባለውን የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ሦስት ጊዜ ቀየሩት፤ በቀየሩት ቁጥር ለጊዜው ይሠራል፣ ደግሞ ይጠፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ «ሲነጋጋ ደኅና ነው፣ ፀሐይ ሲበረታ ነው የሚጠፋው» ብላቸው ነበር። ይህን ቃሏን የመዘገበ አልነበረም፤ ከመረጃው ሁሉ የከበረው ግን እርሱ ነበር።

የተነቀሉትን ሦስቱን በክብሪት ሣጥን አድርገው አመጡልኝ። ጠረጴዛ ላይ ስንፈትናቸው ሦስቱም ጤነኞች ናቸው።

ስሌቱ እነሆ። በወርክሾፑ የተጠቀሙት የኃይል ምንጭ 9 ቮልት ነበር። መቆጣጠሪያው ወደ 5 ሲያወርደው የሚተርፈው 4 ቮልት በ0.3 አምፔር ተባዝቶ 1.2 ዋት ሙቀት ይሆናል። የጤና ኬላው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን ሶላሩ ሲሞላው 14 ቮልት ይደርሳል፤ ሙቀቱም 2.7 ዋት ሆነ። ሙቀት የሚያስወጣ ብረት ያልታሰረለት 7805 ለእያንዳንዱ ዋት 65 ዲግሪ ገደማ ይግላል። እንግዲህ ከአካባቢው አየር በላይ በመጀመሪያው 78፣ በሁለተኛው 175 ዲግሪ መሆኑ ነው። ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ያጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ሣጥኑም ድፍን ነበር። አዲሱ መቆጣጠሪያ ከተነቀለው የሚበልጠው ቀዝቃዛ በመሆኑ ብቻ ነበር!

በእርግጥ የሞተ አካል ሲያጋጥምም ቴስተሩ የሚለው አለ፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ ካፓሲተሮቹን አራግፋችሁ ከለካችሁ። ቦርዱ ላይ እንዳለ የሚለካ ሬዚስተር ከተጻፈበት ያነሰ ቢያሳይ ፍርድ አትስጡ፤ ጎን ለጎን የታሰሩ ሌሎች መንገዶች አሉ። በብዙ ከበለጠ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በጎን የታሰረ መንገድ ንባቡን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርምና። ተራ ዳዮድ በአንድ አቅጣጫ 0.6 ቮልት ገደማ ማሳየት፣ በሌላው መዝጋት አለበት። በሁለቱም ዜሮ ከተነበበ አንድ እግሩን አላቃችሁ ድገሙት፤ ዜሮው የጎረቤቱ ሊሆን ይችላል።

ለጤና ኬላው መሣሪያ ከአሮጌ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን የተቆረጠ ዝርግ ብረት በመቆጣጠሪያው ጀርባ በብሎን አሰርን፤ ሣጥኑንም ከላይና ከታች በሳነው። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሲበረታም አልጠፋም። ሦስቱ «የሞቱ» መቆጣጠሪያዎች ዛሬም በሌሎች ቦርዶቻችን ላይ ይሠራሉ።