ማህፀን ሲወጣ ማን ይጠይቃል?

አንዲት ሴት ስትወልድ ወጉ የታወቀ ነው። ገንፎው ይገነፋል፣ መሃሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራስ ቤት ባዶ አይሆንም። የምታጥብ አለች፣ ሕፃኑን የምትይዝ አለች፣ ምንም ሳትሠራ ቁጭ ብላ የምታስቅም አትጠፋም። ያው ማህፀን ከዓመታት በኋላ ታሞ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን ቤቱ ጭር ይላል። ሴትዮዋ ለዘመድ «ትንሽ ኦፕራሲዮን ነበረብኝ» ትላለች። ምንሽን ተብላ ብትጠየቅ «ሆዴን» ብላ ታልፋለች።

ዝምታው የሐበሻ ሴቶች ብቻ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ፣ የማህፀን ካንሰርን ለእህታቸው እንኳ ሳይተነፍሱ ብቻቸውን የተጋፈጡ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ከዚያችው ከተማ ግን አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ በዚህ መንገድ ያለፈች ሴት የአዲሷን ታማሚ እጅ ብትይዝ፣ ታማሚዋ ሕክምናዋን የመጨረስ ዕድሏ ይጨምር ይሆን? ጥያቄውን ያነሡት ሰዎች «ደግ ሥራ ነው» ብለው አልተዉትም፤ እንደ መድኃኒት ይፈተን አሉ።

ወደዚያ ከመሄድ በፊት አንድ ስም ማጥራት ያስፈልጋል። በአማርኛ «የማህፀን ካንሰር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የማህፀን በር ካንሰርን ነው። እሱ በኤች.ፒ.ቪ ቫይረስ የሚመጣ፣ በምርመራ አስቀድሞ ሊደረስበት የሚችል፣ ክትባትም ያለው በሽታ ነው፤ ኢትዮጵያ ክትባቱን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። እዚህ የሚወራው ግን ከማህፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚነሣው ነው። ለዚህኛው ጤነኛ ሴቶች በየጊዜው የሚያደርጉት ቅድመ ምርመራ የለም፤ የማህፀን በር ምርመራም እሱን ለመፈለግ የተሠራ አይደለም። ውፍረት፣ ስኳር በሽታ፣ ልጅ አለመውለድ፣ በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌ ተጋላጭነቱን ይጨምራሉ።

ዋናው ደወል ደም ነው። ካረጡ በኋላ በዚህ ካንሰር ከተያዙ አሥር ሴቶች ዘጠኙ ደም አይተዋል። ከሌላው ወገን ሲታይ ደግሞ፣ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ አሥር ሴቶች ካንሰር የሚገኝባት አንዷ ገደማ ናት። ስለዚህ ደሙ ከታየ መደናገጥ አያስፈልግም፣ «የወር አበባዬ ተመለሰ» ብሎ መቀመጥም አይሆንም።

የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለ2025 ያወጣው ግምት በዚያች አገር 69,120 ሴቶች በማህፀን ካንሰር እንደሚያዙና 13,860 እንደሚሞቱ ይናገራል። ከታመሙ ነጭ ሴቶች አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆዩት ከመቶ 84 ሲሆኑ፣ ከጥቁር ሴቶች ግን 63 ናቸው። ክፍተቱ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ኃይለኛ የሚባሉት የካንሰሩ ዓይነቶች በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያሉ፤ በሽታው ዘግይቶ ይታወቃል፤ ታውቆም ቢሆን ሕክምናው ሳይሟላ ይቀራል።

በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ተዛማጅ ካንሰሮች ስፔሻሊስት የሆኑት ዶክተር ኬሚ ዶል ሥራቸው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ከዳኑ ሴቶች ጋር ሆነው ኢካና የሚባል፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የቆመ የማህፀን ካንሰር ማኅበር መሠረቱ። ከጎናቸው ከቆሙት አንዷ ብሪጅት ሄምፕስቴድ ናቸው፤ የሲያትል ሰው ያውቃቸዋል። ሄምፕስቴድ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ገና በ35 ዓመታቸው የጡት ምርመራ ሲጠይቁ «ጥቁር ስለሆንሽ አያሰጋሽም፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመለሺ» ተባሉ። እንቢ ብለው ተመረመሩ፤ ካንሰር ተገኘባቸው። በዚያው ዓመት ሲየራ ሲስተርስ የተባለውን የታማሚ ሴቶች መደጋገፊያ አቋቋሙ።

በበሽታው ያለፈች ሴት ሌላዋን መጠየቋ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ቴሬዝ ላሰር የምትባል ሴት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከተነሣ በኋላ ክንዷን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ልብሷን እንዴት እንደምትለብስ የሚነግራት አጣች። እሷም ራሷ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረች አዲስ የተቆረጡ ሴቶችን መጠየቅ ጀመረች። በእጇ የምትይዘው ኳስ፣ ለክንድ ማሠልጠኛ የሚሆን ገመድና ጊዜያዊ ሰው ሠራሽ ጡት ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች «በሥራችን ገባች» ብለው በሩን ዘጉባት። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራዋን ተረክቦ ወደ ብዙ አገር አስፋፋው። የጡት ካንሰር ታማሚዎች እንዲህ ያለ ጠያቂ ካገኙ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የማህፀን ካንሰር ታማሚዎች ተራ የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ዶክተር ዶልና ኢካና የጀመሩት ጥናት «ሲስተር» ይባላል፤ እህት ማለት ነው። የሚሳተፉት ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ የተነገራቸውና ከቀዶ ሕክምናው ሌላ ኬሞ ወይም ጨረር የሚያስፈልጋቸው ጥቁር ሴቶች ናቸው። በዕጣ በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ከተለመደው ክትትል ጋር ስለበሽታው በደንብ የተዘጋጀ ጽሑፍ ያገኛሉ። ሁለተኛዎቹ በኢንተርኔት በቡድን እየተገናኙ ይወያያሉ። ሦስተኛዎቹ እያንዳንዳቸው ከዳነችና ለዚሁ ከሠለጠነች አንዲት ሴት ጋር ይጣመራሉ። ዋናው መለኪያ «ደስ ብሏታል ወይ?» የሚል አይደለም፤ «የታዘዘላትን ሕክምና ጨረሰች ወይ?» የሚል ነው።

አንዲት ወዳጅ ይህን እንዴት ትለውጣለች? ሕክምናውን ቀረብ ብሎ ላየው ይገባዋል።

መጀመሪያ ኦፕራሲዮኑ አለ። ማህፀኑ፣ ብዙ ጊዜም እንቁልጢዎቹና ቱቦዎቹ አብረው ይወጣሉ። ወረቀቱ ላይ «ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ» ይላል። ከባድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው ግን በዚያ ያለፈችው ናት፤ ውሃ የሞላ ጀሪካን፣ የዶሮ ወጡ ድስት፣ «እቀፊኝ» የሚል የልጅ ልጅ። መኪና ላይ ቀበቶው ሆድ እንዳይጫን መሃል የሚገባ ትንሽ ትራስ ያስፈልጋል። ሳልም ሳቅም ሲመጣ ያው ትራስ ሆድ ላይ ይታቀፋል።

ከዚያ ኬሞ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በየሦስት ሳምንቱ፣ በተለመደው አሠራር ስድስት ዙር ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ይላል፤ አለርጂ እንዳይነሣ የተሰጠው ስቴሮይድ ነው የሚያነቃው። ይህን ያልተነገራት ሴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁምሳጥን ስታስተካክል ራሷን ብታገኝ ያበደች ይመስላታል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉሯ ትራስ ላይ ይቀራል። በሦስተኛው፣ በአራተኛው ዙር ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል፤ ቡና ቀድታ ሲኒውን ስታነሣ ሙቀቱ አይሰማትም። ብዙዎች የሚሰንፉት እዚህ ላይ ነው። በስልክ ያለችው እህት «ተይው» አትልም፣ «ቻዪው» ብላም አትዘጋም። «ለሐኪምሽ ዛሬውኑ ንገሪ፤ መጠኑን ሊያስተካክሉት ይችላሉ» ትላለች። መደንዘዙን ደብቃ ድንገት ከቀጠሮ የቀረች ሴትና ተናግራ መጠኑ ተስተካክሎላት የቀጠለች ሴት፣ በጥናቱ መዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ናቸው።

ለሐኪም የማይነገርም አለ። ለአንዳንዶች በብልት በኩል ከውስጥ ጨረር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መተላለፊያው እንዳይጠብና እንዳይጣበቅ ማስፊያ መሣሪያ ይታዘዛል። ነርሷ በአምስት ደቂቃ ታስረዳና ዕቃው በፌስታል ተይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ለባል አይነገር፣ ለልጅ አይነገር። የዳነችው ግን «እኔም መጀመሪያ ሳጥኑን አልከፈትኩትም ነበር» ብላ ስትጀምር ወሬው ይከፈታል። ገና ሳያርጡ እንቁልጢያቸው የወጣባቸው ደግሞ በአንድ ቀን ያርጣሉ። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍተው ያድራሉ፤ ይህንንም ተሳስቀው ያወሩታል።

«ምን አድርጌ ነው የመጣብኝ?» የሚለው ጥያቄ ከማንም አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በፀጉር ቤቶች ብዙ ወሬ አስነሥቷል። የሚገርመው እሱም «የእህት ጥናት» ይባላል፤ ተሳታፊዎቹ የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች እህቶች ስለሆኑ ነው። 33,497 ሴቶችን አሥራ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሎ፣ እስከ 70 ዓመታቸው ድረስ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ፀጉር ማስተኛ ኬሚካል (ሪላክሰር) ላልነኩት 1.64 በመቶ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ለሚጠቀሙት 4.05 በመቶ መሆኑን ገምቷል። ግንኙነቱን አሳየ እንጂ የአንዷን ሴት ካንሰር ይሄ አመጣው ብሎ አልፈረደም። ለመጪው ጊዜ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ኬሞ ወንበር ላይ ያለችውን በሠርጓ ቀን ባስተኛችው ፀጉር መውቀስ ግን ለማንም አይበጅም።

የእህትማማች ወሬ ከሕክምናው በፊትም ይሠራል። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ትታያለች፤ የማህፀኗ የውስጥ ሽፋን ከ4 ሚሊሜትር ካልወፈረ ናሙና (ባዮፕሲ) ሳይወሰድ ልትሸኝ ትችላለች። ዶክተር ዶልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ጥናት ግን፣ ካንሰሩ ከተገኘባቸው 210 ጥቁር ሴቶች የ24ቱ ሽፋን ከ5 ሚሊሜትር በታች ነበር። ከዘጠኝ አንዷ ያህል በልኬቱ ብቻ «ደህና ነሽ» ልትባል ትችል ነበር ማለት ነው። በአልትራሳውንዱ ምስል ላይ ሽፋኑን አጥርቶ ለማየት የሚያስቸግረው ማዮማ ደግሞ ለጥቁር ሴቶች የተለመደ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ እርስ በርስ የሚቀባበሉት ምክር አጭር ነው፦ ደሙ ካልቆመ ባዮፕሲ ጠይቂ።

በውጭ አገር ላሉ እናቶች ይህን መጠየቅ ራሱ በሌላ ቋንቋ ነው። ልጅ እናቱን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ያስተረጉማል። እናት ደሙን በልጇ ፊት እንዴት ትጥራው? «ወገቤን ያመኛል» ብላ ትመለሳለች። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ «የአማርኛ አስተርጓሚ፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል» ብሎ ቀጠሮ ሲያዝ ማስመዝገብ ይቻላል። ይህን ከጽሑፍ ያወቀች ጥቂት ናት፤ ብዙዋ የምትሰማው ከቅዳሴ በኋላ ከጎኗ ከተቀመጠችው ነው። ጸበል እየሄደች ኬሞዋን ሳታቋርጥ የጨረሰች ሴት ካለችም፣ ሁለቱ እንደማይጣሉ ከማንም በላይ የምታሳምነው እሷ ናት።

አዲስ አበባ ላይ መተሳሰቡ በአብዛኛው የሚጀምረው ከመኝታ ነው። በደም ካንሰር በሕፃንነቱ ባረፈ ልጅ ስም የተሰየመው የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ያዘጋጃል። ለጨረር ከሩቅ የመጣችውን ሴት ከጎኗ አልጋ ያለችው በሁለት ሳምንት ትቀድማታለች፤ የማስታወኩን፣ የድካሙን፣ የሽንት ማቃጠሉን ነገር አዲሷ ከእሷ ትማራለች። መቼ እንደሚያልፍም ያቺው ትነግራታለች።

ሕክምናው ሲያልቅ ቤተሰብ «ተመስገን» ብሎ ወደየሥራው ይመለሳል። ለታማሚዋ ግን ክትትሉ ይቀጥላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ ቀጠሮ አለ። ቀጠሮው ሲቃረብ ሆዷ ይባባል፣ እያንዳንዱ ቁርጠት «ተመለሰ» የሚል ይመስላታል። የተጣመሩት ሴቶች ስልክ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው እነዚህ ቀናት ላይ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ በሌላ በኩል ይደወላል። ትናንት እጇ ተይዞ የነበረችው ዛሬ እጅ ያዥ ትሆናለች፣ ስሟን ብቻ የምታውቃት አንዲት ሴት ነገ ኦፕራሲዮን እንደምትገባ ይነገራታል። ምን ብላ እንደምትጀምር ይጨንቃታል። ስለካንሰሩ አታነሣም፣ ስለቁጥሩም አታነሣም። ሰላምታ ተለዋውጠው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ፣ ከሆስፒታል ስትመለስ መኪና ውስጥ የምትይዘው ትንሽ ትራስ እንዳላት ትጠይቃታለች።