የጋሪ ልኬት ለመኪና ተሳቢ አይሆንም
የወረታ ነጋዴ ለብየዳ ቤት ከመክፈሉ በፊት ሊያጣራቸው የሚገቡ ነጥቦች

በፎገራ ሜዳ የሩዝ አጨዳ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ክረምቱን ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሚሞላው ውኃ ሲጨቀይ የከረመው ጥቁር አፈር ደርቆ ለጎማ የሚመቸውም ያኔ ነው። በመሆኑም የሩዝ ነጋዴው ሩጫ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን፣ ራስ ምታቱም የግዢው ዋጋ ብቻ አይደለም። ያልተፈለፈለውን ሩዝ ከማሳ ዳር አንስቶ ወረታ ከተማ ካሉት መፈልፈያዎች የማድረሱ ወጪም ትርፉን ይሸረሽራል።

ሩዝ ለሜዳው የቆየ ሰብል አይደለም። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ ከዚያ ተስፋፋ። ማጓጓዣው ግን ባመዛኙ ሩዙ ሲመጣ የጠበቀው ነው፤ የሰው ትከሻ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ጭነቱ ሲበዛ ደግሞ አይሱዙ። በጋሪና በአይሱዙ መካከል ክፍተት አለ። አይሱዙ የሚሞላ እህል ያልሰበሰበ፣ በጋሪ እያመላለሰ ጊዜ ማጥፋትም የማይፈልግ ፒክአፕ ያለው ነጋዴ፣ ከመኪናው ኋላ የሚታሰር ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ቢያሠራ በአንድ ምልልስ አምስት ኩንታል ያህል ይጨምራል። ነዳጁ ትንሽ ቢጨምርም ሾፌሩ ያው አንድ ነው።

ሥራው ለአገር ውስጥ ብየዳ ቤት አዲስ አይደለም። ከአሮጌ መኪና በተፈታ አክስልና ጎማ፣ በአንጎላሬና በላሜራ ጋሪ መሥራት በየከተማው የተለመደ ነው። ችግሩም የሚነሳው ከዚሁ ልምድ ነው። ጋሪ ሠሪ አክስሉን ከጭነቱ መሐል በታች ያደርጋል። ልክ ነው፤ ጭነቱ ወደፊት ካጋደለ ፈረሱን ይጫነዋል። መኪና ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። በጋሪ ልኬት የተሠራ ተሳቢ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጎተት እንከን አይታይበትም፤ ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው አስፋልት ላይ 60 ሲደርስ ግን ጅራቱን ግራና ቀኝ መወዝወዝ ይጀምራል። ውዝዋዜው ከተጀመረ በኋላ መሪ በማጠማዘዝ አይታረምም። እየባሰ ሄዶ መኪናውን ይዞ ይገለበጣል፤ በዚያ መንገድ ዳር ደግሞ እግረኛውም፣ ባጃጁም፣ ከብቱም አለ።

ባለሙያዎች የሚቀበሉት መለኪያ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመኪናው መጎተቻ ላይ እንዲያርፍ ነው። ይህንን ወደ ብረት መለወጥ ደግሞ ሜትር ከያዘ ሰው አቅም በላይ አይደለም።

ለምሳሌ የጭነት ሣጥኑ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ25፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህ አንድ ሜትር ኩብ ይዘት ነው። ያልተፈለፈለ ሩዝ በሜትር ኩብ ከአምስት ኩንታል ተኩል እስከ ስድስት ኩንታል ስለሚመዝን፣ ሣጥኑ አምስት ኩንታል ሳይጨናነቅ ይይዛል። ባዶው ተሳቢ 200 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 700 ይሆናል። ከመጎተቻው እስከ አክስሉ 250 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ የክብደቱ መሐል ከአክስሉ 25 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ሲውል 70 ኪሎ ግራሙ፣ ማለትም አንድ አሥረኛው፣ መጎተቻው ላይ ያርፋል። ስለዚህ አክስሉ ከሣጥኑ የፊት ጠርዝ 125፣ ከኋላው ጠርዝ 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀመጣል። ከሣጥኑ ወደፊት የሚወጣው ክንድም 125 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህንን በኖራ መሬት ላይ ሥሎ ሳያሳይ ቱቦላሬ መቁረጥ የሚጀምር ብየዳ ቤት ቢታለፍ ይሻላል።

ልኬቱ ቢስተካከልም ጫኚው ሊያበላሸው ይችላል። ኩንታሎቹን ከኋላ መደርደር ቀላል ስለሆነ ሸክም አውራጆች ሣጥኑን ከኋላ በኩል ሞልተው የፊቱን ባዶ ይተዋሉ። ጭድ ሲጫን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ልቅ የሩዝ ጭድ ሣጥኑን ሞልቶ አንድ ኩንታል እንኳ ስለማይመዝን ወደ ላይ መከመር ይመጣል፤ ቁልሉ ሲረዝም በማሳ ድንበር ላይ አንዱ ጎማ ከፍ ባለ ቁጥር ተሳቢው ወደ ጎን ይጋደማል። ጭድ መነገድ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ሰፋ ያለ የአክስል ርቀትና ዝቅ ያለ ሣጥን ቢያዝ ይሻለዋል።

ቁራሌው የሚያመጣው ሁሉ አይጠቅምም

አክስል ሲመረጥ ከኋላ ጎማ አንቀሳቃሽ መኪና የተፈታው ከነዲፈረንሻሉ ስለሚመጣ ከባድ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥርስም ያለ ጥቅም ይሽከረከራል። በፊት ጎማ ከሚነዳ መኪና ኋላ የተነሳ ቀላል አክስል፣ የመሸከም አቅሙ እስከበቃ ድረስ፣ ይመረጣል። ቸርኬው ከሚጎትተው መኪና ቸርኬ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አንዱ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀትም ከመኪናው ጋር ቢመሳሰል ተሳቢው መኪናው የረገጠውን ዱካ ተከትሎ ይሄዳል። አለዚያ በጭቃው ውስጥ የራሱን አዲስ ቦይ እየቀደደ ሞተሩን ያስጨንቃል። ጥቁር አፈር ጎማ ላይ ስለሚጠቀለል በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እጅ በደንብ የሚያስገባ ክፍተት ያስፈልጋል። ኩሺኔታው ውኃ ከነካው ተፈትቶ አዲስ ግራሶ መግባት አለበት። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ባሌስትራን በተመለከተ፣ የከባድ መኪና ባሌስትራ ጠንካራ ነው ተብሎ መግዛት ስህተት ነው። ባዶውን ሲመለስ ይዘልላል፤ የዘለለ ተሳቢ ብየዳውን ይሰነጥቃል። ባሌስትራው በቡሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ እሳት ያየ ባሌስትራ ጥንካሬውን ያጣል።

የመጎተቻው ክንድ ከሁለት ቱቦላሬ እንደ «ለ» ፊደል ቢሠራ መልካም ነው። ለዚህ መጠን ተሳቢ 60 በ40 ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ በብዛት ይሠራበታል። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱ ክንዶች በሣጥኑ ሥር አልፈው አክስሉ አካባቢ ካለው አግዳሚ ድረስ መሄዳቸው ነው። ብረት ለመቆጠብ ሲባል ከሣጥኑ የፊት ጠርዝ ላይ ብቻ የሚበየድ ክንድ፣ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፍበት እዚያችው ብየዳ ላይ ስለሆነ፣ የሚሰበረውም ከዚያው ነው። አስመጥተው ኳስ የሚገጥሙ ደግሞ ልኩን ያጣሩ። በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካው ባለ ሁለት ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም፤ የ50ው ኳስ በባለ ሁለት ኢንቹ ማቀፊያ ውስጥ ሲገባ ግን ይላላል። የትኛውም ዓይነት ቢገጠም፣ ድንገት ቢለቅ ክንዱን ከመሬት አንስቶ የሚይዝ የተጠላለፈ ሰንሰለት ከሥሩ መኖር አለበት። ስቶፕ መብራት፣ ፍሬቻና ቀይ አንጸባራቂም እንዲሁ።

የደብረ ታቦር ቁልቁለት

ወረታ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው በአመዛኙ ሜዳ ስለሆነ በዝግታ ለሚነዳ ሰው አያስቸግርም። ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ግን በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጨምራል። ሩዝ ጭኖ ሲወጣ ፍሪሲዮን ይፈተናል። ድንች ጭኖ ሲመለስ ደግሞ የሚፈተነው ፍሬን ነው። በአውሮፓ አገሮች ሕግ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከላይ የተሰላው ባለ 700 ኪሎ ግራም ተሳቢ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ይላል። ሁለት ኩንታል ብቻ ጨምሮ 900 ያደረሰው ነጋዴ በዚያ ቁልቁለት ላይ የመኪናው ፍሬን ሲግል ከኋላ የሚገፋው የራሱ ጭነት ይሆናል። መታጠፊያ ላይ ከሆነም መኪናው ወደ ጎን ይጣላል። ደብረ ታቦር ለመመላለስ ያሰበ ሰው ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ ራሱ የሚይዝ ፍሬን ያስገጥም፤ አለዚያ ተሳቢውን ለሜዳው ብቻ ያድርገው። መኪናው ራሱ ምን ያህል መጎተት እንደሚችል አምራቹ በመመሪያው ላይ ስለሚያሰፍር እርሱን ማየት ይቀድማል። ለአነስተኛ ቤት መኪና ሰባት ኩንታል ብዙ ነው።

ሒሳቡ

ትርፍና ኪሳራው በብረቱ ዋጋ ብቻ አይለካም። ካልተፈለፈለ ሩዝ አንድ አምስተኛ ያህሉ ገለፈት ነው። ስለዚህ አምስት ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ ወረታ ሲጓጓዝ አንዱ ኩንታል የሚጓዘው ለመጣል ወይም ለማገዶ ነው። ለተሸጠው ሩዝ የሚደርሰውን የማጓጓዣ ወጪ ማስላት የሚገባውም በአምስቱ ሳይሆን ተፈልፍሎ በሚወጣው ሦስት ኩንታል ገደማ ነው። ተሳቢው ገንዘቡን የሚመልሰው የመልስ ጭነት ሲኖረው ነው፤ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ለከብት የሚሆን የሩዝ ፉርሽካ። አጨዳው አልፎ አሥር ወር ግቢ ውስጥ የሚቆም ከሆነ ግን ለአንድ ወር አይሱዙ መከራየት ሊረክስ ይችላል።

ከመበየዱ በፊት ንድፉን ይዞ ወደ ወረዳው መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መሄድም ወጪ ይቆጥባል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምርመራና ምዝገባን የሚደነግግ ሲሆን፣ ተሳቢም የራሱ ሰሌዳ አለው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ይህ ይነሳ፣ ያ ይጨመር» መባል ከመጀመሪያው ጠይቆ ከመሥራት ይልቅ ያስወጣል። የሦስተኛ ወገን መድኑም ተሳቢውን ይሸፍን እንደሆነ አብሮ ይጠየቅ።

ተሳቢውን ከብየዳ ቤት ሲረከቡ ቀሪ ክፍያውን ከመስጠት በፊት የሚደረግ አንድ ሙከራ አለ። ወረታ ውስጥ መፈልፈያ ካለ ሚዛን አለ። አምስት ኩንታል ተጭኖ፣ መሬቱ ደልዳላ በሆነበት፣ ክንዱን ልክ መኪናው ላይ በሚታሰርበት ቁመት ሚዛኑ ላይ በእንጨት ደግፎ ማሳረፍ ነው። ሚዛኑ ከ70 እስከ 105 ኪሎ ግራም ካሳየ ተሳቢው ለመኪና ተሠርቷል። 20 ወይም 30 ካሳየ፣ ወይም ክንዱ ጭራሽ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ገና ቀለም ሳይቀባ አክስሉ ወደ ኋላ ይሂድ።