ገዳይ እንዴት ቤቱ ይገባል?

ታሮ ሳካሞቶ በጃፓን ገዳዮች ዘንድ ስሙ ሲጠራ የሚያስደነግጥ ቅጥረኛ ነፍሰ ገዳይ ነበር። ሱቅ ውስጥ የምትሠራ አኦይ የምትባል ሴት አየና ልቡ ሸፈተ፤ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ተጋቡ፣ ሃና የምትባል ልጅ ወለዱ፣ ሰውዬውም ወፍሮ የሰፈር ባለሱቅ ሆነ። ሚስቱ የሰጠችው ሕግ አንድ ነው፦ ከእንግዲህ ነፍስ ማጥፋት የለም። የድሮ ዓለሙ ግን አልለቀቀውም፤ ጭንቅላቱ ላይ 1 ቢሊዮን የን ተቆርጦለታል። ዩቶ ሱዙኪ ከኅዳር 2013 ጀምሮ በማንጋ (በሥዕላዊ ልብ ወለድ) ያወጣው፣ በጥር 2017 ደግሞ አኒሜ (የካርቱን ፊልም) ሆኖ በኔትፍሊክስ የተለቀቀው «ሳካሞቶ ዴይስ» ታሪኩ ይኸው ነው።

ድብድቡ ያስቃል፣ ፍጥነቱም ያስደንቃል። ይሁንና ፊልሙ የሳካሞቶን ቤተሰብ እያሳየን የሟቾቹን ቤተሰብ እምብዛም አያነሳም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ወንድም የላቸውም? ልጅ አልተረፋቸውም? ከሚሴ ላይ ይህን ታሪክ ለአንድ ሽማግሌ ብታጫውቱት፣ «ለመሆኑ ደሙ ደርቋል ወይ?» ማለቱ አይቀርም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት 325 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ ቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ዳር ትገኛለች። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋም በዚሁ ዞን ውስጥ ናቸው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በገበያ ይገናኛል፤ በበጋ ከብቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ይወርዳል። ጠቡም አብሮ ይመጣል፦ ግጦሽ፣ ድንበር፣ ውኃ፣ የሴት ጉዳይ። እዚህ ሰው የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሳካሞቶ ሙያው ሆኖ ሳይሆን በአንድ የቁጣ ቅጽበት ነው። ውጤቱ ግን ከቅጥረኛው የባሰ ነው፤ ደሙ በገዳዩ ላይ ብቻ አይቀርምና። ወንድሙም፣ የአጎቱ ልጅም ደመኛ ይሆናል። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ መውጣት ያስፈራል። እርሻው ጦም ያድራል።

ይህን የሚፈታው ተቋም በወሎ በየቦታው ስሙ ይለያያል። አንዳንዱ ዘንድ ዕርቁን የሚመሩት አበጋሮች ናቸው፤ ማዕረጉ በዘር የሚወረስ፣ ምርቃታቸው የሚፈለግ፣ እርግማናቸው የሚፈራ ሰዎች። በከሚሴው ዞን ጥሩ ሲና በተባለው የሱፊዎች ስፍራ ደግሞ «የሼኮች ችሎት» አለ። አጥኚዋ መሮን ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለዚህ ችሎት ጽፈው ያሳተሙት ጥናት ለውጭው አንባቢ አስተዋውቆታል። ወደ ጥሩ ሲና ሙስሊሙ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ክርስቲያኑም ይሄዳል። የወሎን ሰው ለሚያውቅ ይህ ብርቅ አይደለም።

የነፍስ ጉዳይ ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ገዳዩ ከዓይን ይሰወራል፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል። ሽማግሌዎች ወዲያው ሟች ቤት ይላካሉ። ሲሄዱ ስለ ካሣ አያነሱም፤ ልመናቸው «እጃችሁን ሰብስቡልን» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን እሺታ አያገኙም። ተመላልሰው፣ ደጅ ጠንተው፣ ተቆጥተውባቸውም ታግሠው ነው ጊዜ የሚገዙት። የእኔ ግምት፣ የተቋሙ ትልቁ ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ሐዘንተኛው ብድሩን ያልመለሰው ፈርቶ ሳይሆን ሽማግሌ አክብሮ እንዲሆን ያደርጉታል። ክብሩ ሳይነካ ጠመንጃውን የሚያስቀምጥበት ሰበብ ይሰጡታል።

ከዚያ ሁለቱ ወገን ይቀርባል። ዱዓ ይደረጋል፤ ቡናውና ጫቱ፣ ጭሱም አለ። እውነቱ ካልጠራ መሐላ ይመጣል፤ በሐሰት የማለ ሰው መዘዙ ለልጅ ልጁ እንደሚተርፍ ስለሚታመን ፖሊስ ፊት የካደው እዚህ ሲያምን ይታያል። ጉማው፣ ማለትም የደም ካሣው፣ ይቆረጣል። ቀድሞ በከብት ነበር፤ ዛሬ በአመዛኙ በገንዘብ ነው። ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ወገኑ ሁሉ ያዋጣል። የማያውቀው ዘመዱ ላጠፋው ነፍስ ኪሱን የፈታ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሰፈሩን ጎረምሳ በዓይኑ ይጠብቃል። የሟች ወገን ከተቀበለው ላይ ከፊሉን ለአላህ ብሎ የሚመልስበትም ጊዜ አለ። «አውፍ ብያለሁ» (ይቅር ብያለሁ) ሲል እርድ ይፈጸማል፣ ከአንድ ገበታ ይበላል፣ በቀል ላለመፈለግ ይማማላል። ከዚህ በኋላ መሐላውን የሚያፈርስ ሰው የሚጣላው ከገዳዩ ጋር ሳይሆን ከሼኮቹና ከፈጣሪ ጋር ነው።

ዕርቁ እስር አያስቀርም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም ለሃይማኖትና ለባህል ፍርድ ቤቶች የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን እንጂ ወንጀልን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ሰውዬውን ይቀጣል፣ ሌላው ለቤተሰቡ ገበያ የሚወጣበትን መንገድ ይከፍታል። ዕርቅ በሌለበት ምን እንደሚሆን ለማየት አልባኒያን መመልከት ይበቃል፤ ሰውን በቤቱ መግደል ቃኑን በሚባለው የባህል ሕግ ነውር ስለሆነ በደም የሚፈለጉ ወንዶች ደጃፋቸውን ሳያልፉ ዓመታት ይቆጥራሉ። በጎረቤቷ ኮሶቮ ግን ምሁሩ አንቶን ቼታ እ.ኤ.አ. በ1990 በመሩት ዘመቻ በርካታ ደመኞች ታርቀዋል።

ተቋሙን እንከን የለሽ አድርጌ አላቀርበውም። በሸንጎው ላይ የሚናገሩት ወንዶች ናቸው፤ የሟች ሚስት በአብዛኛው ውሳኔውን ትሰማለች እንጂ አትወስንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አቅሙ ገዳዩ በስም በሚታወቅበት ጠብ ላይ የተመሠረተ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ ብዙ ሕይወት የጠፋበት፣ ከተማ የተቃጠለበት ግጭት ሲነሳ ሽማግሌው ማንን ከማን ያስታርቅ? ገዳዩ ሕዝብ፣ ሟቹም ሕዝብ ሆኖ ሲቆጠር ጉማ የሚያዋጣ ወገን አይገኝም። መንግሥትና ፖለቲከኞች ያበላሹትን ለሼኮች ጥሎ መሄድ ግፍ ነው።

በአንድ ሰው ደም ላይ ግን ከእነርሱ የተሻለ አላየሁም። ማረሚያ ቤቶች በነፍስ ግድያ የተፈረደበትን ሰው ከመፍታታቸው በፊት ለአካባቢው ሽማግሌዎች ቢያሳውቁ፣ ዕርቁ ያለቀ መሆኑንም ቢጠይቁ ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነው። የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ ይህን በከሚሴ ጀምሩት።